ባለሁለት አሞርዛተር ብስክሌት፦ ከሞላው በፊት የጥገናው ሂሳብ

መርካቶ ውስጥ ብስክሌት በሚሸጥባቸው ሱቆች ደጃፍ ከሁሉ ቀድሞ ዓይን የሚይዘው ከኮርቻው ሥር ወፍራም ቀይ ወይም ቢጫ ሞላ የተሰካበት ብስክሌት ነው። ሻጩም ይህን ያውቃል። ልጃቸውን አስከትለው የመጡትን አባት «ጋሼ፣ ይጫኑትና ይዩት» ይላቸዋል። አባት ኮርቻውን በእጃቸው ይጫናሉ፤ ብስክሌቱ ዝቅ ብሎ ከፍ ይላል፤ ልጁ ይስቃል፤ ዋጋ ይነገራል። ግብይቱ በዚሁ አለቀ ማለት ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ ነው። በእጅ ሲጫኑት የረገበው ሞላ መንገድ ላይ ሌላ ጠባይ ያወጣል። ነጂው ፔዳሉን በረገጠ ቁጥር ሞላው ይረግባል፤ ወደ ፊት መሄድ የነበረበት ጉልበት ወደ ታች ይሄዳል። ጎማው ጉድጓድ ሲገባ ደግሞ ሞላው የተቀበለውን ግፊት የሚይዝለት ነገር ስለሌለ እንዳለ መልሶ ይተፋዋል፤ ኮርቻውም ነጂውን እንደ በቅሎ ርግጫ ያነሳዋል። በአሞርዛተር ስም የተሸጠው ዕቃ ሞላ ብቻ ነበርና። አሞርዛተር የሚያሰኘው በውስጡ በጠባብ ቀዳዳ እየተገፋ የሞላውን አመላለስ የሚያዘገየው ዘይት ነው። መኪና ያለው ሰው ይህን ያውቀዋል፤ አሞርዛተሩ ያለቀበት መኪና ሞላው ደህና ቢሆንም እንደ ጀልባ ይዋልላል።

በዚያ ላይ ክብደቱ አለ። እንዲህ ያለው ብስክሌት 17 እና 18 ኪሎ ቢመዝን አይገርምም። ለሁለተኛው ሞላ የወጣው ገንዘብ የተቆረጠው ከፍሬኑ፣ ከማርሹና ከቸርኬው ነው፤ የኋላው ክንድ የሚታጠፍበት ቦታም በኩሽኔታ ፋንታ ፕላስቲክ ይገባበታል። ፕላስቲኩ ሲበላ ክንዱ ወደ ጎን መወዛወዝ ይጀምራል። በመሆኑም ገንዘቡ ለዚህ ያህል ብቻ የሚበቃ ሸማች የኋላ ሞላ የሌለውን ቢገዛ በዚያው ዋጋ የተሻለ ፍሬንና የተሻለ ማርሽ ያገኛል። በዚህ ላይ ብዙ መከራከር አያስፈልግም።

ይህ የመርካቶ ብቻ ጉድ እንዳይመስል። አሜሪካም ውስጥ ከዱቄት እስከ ቴሌቪዥን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚሸጡት ታላላቅ መደብሮች በጥቂት መቶ ዶላር እንዲህ ያለውን ብስክሌት ይሸጣሉ፤ እዚያም ሰው ኮርቻውን ተጭኖ ይገዛል። ልዩነቱ እዚያ ከእርሱ ጎን ሌላ ገበያ መኖሩ ነው፤ እውነተኛው ባለሁለት አሞርዛተር የተራራ ብስክሌት የሚሸጥበት፣ ዋጋው ከ2,000 ዶላር አካባቢ ጀምሮ ከ10,000 ዶላር በላይ የሚዘልቅ ገበያ። አስቸጋሪው ምርጫ ያለውም እዚህ ነው፤ ሁሉም ጥሩ ሆኖ ሲታይ የትኛው ይገዛል?

ነገሩ ሩቅ ታሪክ የለውም። ፖል ተርነር የተባለው አሜሪካዊ ሮክሾክስ የሚለውን የፊት አሞርዛተር ለገበያ ያቀረበው በ1980ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ኮሎራዶ ውስጥ ዱራንጎ በተባለች ከተማ በተካሄደው የዓለም ሻምፒዮና የቁልቁለቱን ውድድር ግሬግ ኸርቦልድ ሲያሸንፍ ብስክሌቱ ላይ የነበረው ይኸው አሞርዛተር ነበር። የኋላው ተከተለ። ዛሬ በጥሩ ብስክሌት ላይ የሚገጠመው አሞርዛተር አብዛኛውን ጊዜ የብረት ሞላ የለውም፤ የታመቀ አየር የሞላውን ሥራ ይሠራል፣ ዘይቱ ይገራዋል፣ ነጂው እንደ ክብደቱ በትንሽ ፓምፕ አየሩን ያስተካክላል።

ገበያው ግን በዚህ አምስት ስድስት ዓመት ውስጥ ተናውጧል። እ.ኤ.አ. በ2020 እና በ2021 በወረርሽኙ ምክንያት ሰው ሁሉ ብስክሌት ፈለገ፤ ሱቆች ባዶ ሆኑ፤ ፋብሪካዎችም ይህ ፍላጎት የሚዘልቅ መስሏቸው አዘዙ። ዕቃው ሲደርስ ገዢው ቤቱ ገብቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 መጋዘኖች ሞልተው ዋጋ ወረደ፤ ኮና የተባለው ታዋቂ ስም እስከዚያ ደርሶ «አንድ ለገዛ አንድ በነፃ» ብሎ ሸጠ። በተከታዩ ዓመት የኮና መሥራቾች ድርጅቱን ከባለቤቱ መልሰው ገዙት። በ2024 መጨረሻ የካናዳው ሮኪ ማውንቴን ከአበዳሪዎቹ የፍርድ ቤት ከለላ ጠየቀ፤ በዚያው ወቅት ጂቲ አዲስ ሞዴል ማውጣት አቁሞ ያለውን ክምችት እሸጣለሁ አለ። በ2025 ደግሞ በኢንተርኔት ብቻ እየሸጠ ስም ያተረፈው የጀርመኑ ዋይቲ ወደ ኪሳራ ሂደት ገባ።

ይህ ሁሉ ለሸማቹ ምኑ ነው? ቅናሹ እውነት ነው፤ ደስ ይላል። ነገር ግን ብስክሌቱ ላይ የተጻፈው የአምስት ዓመት ወይም የዕድሜ ልክ ዋስትና ጸንቶ የሚቆየው የጻፈው ድርጅት ጸንቶ ከቆየ ነው። ስለዚህ አምሳ በመቶ ቅናሽ ሲታይ «ለምን ቀነሰ?» ብሎ መጠየቅ እንደ ንፉግነት አይቆጠርም። ያለፈው ዓመት ሞዴል ስለሆነ ከሆነ መልካም፤ የብስክሌት ሞዴል በዓመት ውስጥ ከቀለም በቀር ብዙ ላይለወጥ ይችላል። ድርጅቱ ሊዘጋ ስለሆነ ከሆነ ግን ለዚያ ቴላዮ ብቻ የሚሠራ መለዋወጫ ነገ ከየት ይመጣል?

አንድ ሰው እንውሰድ። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ይኖራል እንበል፤ ኢትዮጵያውያን በብዛት ከሚኖሩባቸው ከተሞች አንዷ ናት። ሳምንቱን ሙሉ መኪና ሲነዳ ይውላል፤ እሁድ ከሰዓት በከተማው ምዕራብ የሮኪ ተራሮች ግርጌ ያሉትን መንገዶች መጋለብ ጀምሯል፤ የጓደኛውን ብስክሌት ተውሶ ለምዶታል። 3,000 ዶላር አጠራቅሟል። ከሁለት ሦስት ዓመት በኋላ ብስክሌቱን አዲስ አበባ ላለው ወንድሙ ይዞለት ሊሄድ ያስባል። ይህ ሰው ሱቅ ሲገባ ምን ይገጥመዋል?

መጀመሪያ የሚገጥመው ቁጥር ነው። ጎማው መሰናክል ሲመታ ወደ ላይ የሚሄድበት ርቀት በሚሊሜትር ይነገራል፤ 120፣ 140፣ 160፣ ለቁልቁለት ውድድር እስከ 200። ሻጩ «160ውን ውሰድ ወንድሜ፣ የትም ያስገባሃል» ቢለው ውሸት አይደለም። ከፍ ካለ ድንጋይ ለሚዘል፣ ወደ ላይ በመኪና ተጭኖ ወደ ታች ብቻ ለሚወርድ ሰው 160 ሕይወት ያድናል። ተራራውን በገዛ እግሩ ለሚወጣ ሰው ግን ትርፉ ሚሊሜትር ከክብደት ጋር ይመጣል፤ መንገዱ ለስላሳ ሲሆን ብስክሌቱ ይተኛል። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ይሻላል የሚለው አስተሳሰብ ነጋዴውን ጠቅሞ ይሆናል እንጂ ብዙውን ሸማች አልጠቀመም። ለኦሮራው ሰው ከ120 እስከ 140 ያለው ይበቃዋል፤ ከዚያ የሚተርፈውን ገንዘብ ለጥሩ ጎማና ለጥሩ ፍሬን ያውለው።

ሁለተኛው ወሬ የኋላው ክንድ አሠራር ነው። አንዱ በአንድ ቦታ ብቻ ይታጠፋል፤ ሌላው አራት ብረት ተቀጣጥሎ ይሠራል፤ የሳንታ ክሩዝና የጃያንት ሁለት አጫጭር ማያያዣ አላቸው፤ ትሬክ መታጠፊያውን ከኋላ ጎማው ፔርኖ ጋር አጋጥሞታል። ሆርስት ላይትነር የፈጠረውን አሠራር የባለቤትነት መብት ስፔሻላይዝድ ገዝቶ ለዓመታት በአሜሪካ ሌላው እንዳይጠቀምበት አድርጎ ነበር፤ መብቱ ካበቃ ወዲህ ብዙዎች ወስደውታል። መጽሔቶች በዚህ ላይ ገጽ ይፈጃሉ። እውነቱን ለመናገር ዛሬ በ3,000 ዶላር ከሚሸጡት ታዋቂ ስሞች መካከል ሽቅብ ሲረገጥ ክፉኛ የሚረግብ ወይም ፍሬን ሲያዝ የሚደርቅ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ሸማቹ እንቅልፍ የሚያጣበት ጉዳይ አይደለም። በዚህ ረገድ መቁጠር ያለበት ነገር ቢኖር የኩሽኔታውን ብዛት ነው። አንድ መታጠፊያ ያለው፣ የእንግሊዙ ኦሬንጅ ለረጅም ዓመታት ሲሠራው የኖረው ዓይነት፣ በዋናው መታጠፊያ ላይ ሁለት ኩሽኔታ ይበቃዋል፤ አራት ብረት የተቀጣጠለው ስምንትና ከዚያም በላይ ሊኖረው ይችላል። ጭቃ ውስጥ የሚነዳ ሰው እያንዳንዱን አንድ ቀን ይከፍልበታል። ሳንታ ክሩዝ ለመጀመሪያው ገዢ ኩሽኔታ በነፃ እተካለሁ ማለቱ ኩሽኔታ እንደሚያልቅ የታወቀ ስለሆነ ነው፤ ብስክሌቶቹ ግን ርካሽ አይደሉም።

ከሁሉ የሚበልጠውና በሱቅ ውስጥ ከሁሉ ያነሰ የሚወራለት ጥገናው ነው። የሮክሾክስ መመሪያ የፊቱ አሞርዛተር በየ50 ሰዓቱ ተከፍቶ እንዲጸዳና የታችኛው ዘይት እንዲለወጥ ያዛል፤ በአዳዲሶቹ ላይ በ200 ሰዓት ሙሉ በሙሉ ተፈትቶ ጎሚኒው ሁሉ ይቀየራል። የኋላውም እንዲሁ የራሱ ሰዓት አለው። ፎክስ በበኩሉ 125 ሰዓት ወይም አንድ ዓመት፣ ከሁለቱ ቀድሞ የደረሰውን ይላል። የኦሮራው ሰው በሳምንት 4 ሰዓት ቢጋልብ 50 ሰዓት የሚሞላው በ3 ወር ነው። በዓመት ሦስት ጊዜ ቀላል ጥገና፣ አንድ ጊዜ ከባዱን ማለት ነው፤ እርሱም ለፊቱና ለኋላው። ሱቅ ቢያሠራው የከባዱ ጥገና ለአንዱ አሞርዛተር ብቻ ከመቶ ዶላር ይበልጣል። ኩሽኔታውን ማስቀየር የብዙ ሰዓት ሥራ ነውና መካኒኩ እንደዚያው ያስከፍላል።

«አሁን ደህና ነው፣ ምን አስነካኝ» የሚል ይኖራል። አሞርዛተር እንደ ጎማ ፈንድቶ አያስታውቅም፤ ቀስ ብሎ ነው የሚያረጀው። ጎሚኒው ሲደርቅ አቧራ ይገባል፤ አቧራው የሚንሸራተተውን ቱቦ ይፍቃል፤ ቱቦው ከተፋቀ ዘይት መለወጥ አያድነውም። ያኔ የሚለወጠው ዕቃ ከጥገናው ዋጋ በብዙ እጥፍ የሚበልጥ ነው። በመሆኑም 3,000 ዶላር ያለው ሰው 3,000 ዶላሩን በሙሉ ብስክሌቱ ላይ ካፈሰሰው ከአቅሙ በላይ ገዝቷል። 2,400 አውጥቶ ቀሪውን ለራስ ቁር፣ ለአሞርዛተር ፓምፕና ለመጀመሪያው ዓመት ጥገና ቢያስቀምጥ ብስክሌቱ በሁለተኛው ዓመትም እንደ አዲስ ይሄዳል። 600 ዶላር ማስቀመጥ የማይችል ከሆነ ደግሞ ፊቱ ላይ ብቻ አሞርዛተር ያለውን ይግዛ፤ ጥገናው በግማሽ ይቀንስለታል፤ ሽቅብ ሲሆንም ይቀድማል እንጂ አይቀደምም።

ከሱቅ ወይስ በኢንተርኔት ከፋብሪካው? የኮብሌንዙ ካንየን መካከለኛውን ነጋዴ አስወጥቶ በዚያው ዋጋ የተሻለ ዕቃ የጫነ ብስክሌት በሳጥን ይልካል። ይህ ጥቅም ሐሰት አይደለም፤ ልዩነቱ ብዙ መቶ ዶላር ይሆናል። ፍሬኑን ራሱ የሚያጸዳ፣ ማርሹን ራሱ የሚያስተካክል ሰው ከዚያ መግዛቱ ብልህነት ነው። መፍቻ ይዞ የማያውቅ ሰው ግን ያተረፈውን ለሰፈሩ መካኒክ ይከፍላል፤ መካኒኩም በቅድሚያ የሚያየው የራሱን ደንበኛ ነው። ሱቅ ውስጥ የገዛ ሰው በቴላዮው ላይ ስንጥቅ ቢያገኝ ይዞት ይሄዳል፤ በሳጥን የመጣለት ፎቶግራፍ አንስቶ ደብዳቤ ይጽፋል። መሸጫው በኢንተርኔት ከሆነ ቢያንስ ለዚያ አሞርዛተር የታወቀ ጠጋኝ በከተማው መኖሩን አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል።

ካርቦን ወይስ አሉሚኒየም የሚለው በዚህ ዋጋ ላይ አጭር መልስ አለው፤ አሉሚኒየም። በ3,000 ዶላር የተገኘ የካርቦን ቴላዮ ብዙውን ጊዜ ደካማ አሞርዛተርና ደካማ ፍሬን ተሸክሞ ይመጣል።

መለዋወጫን በተመለከተ ግን ትንሽ ነገር ትልቅ ልዩነት ያመጣል። የማርሽ መቀየሪያው የሚንጠለጠልበት ትንሿ ብረት ሆን ተብሎ ቀድማ እንድትታጠፍ የተሠራች ናት፤ ብስክሌቱ በጎኑ ሲወድቅ ቴላዮው እንዲተርፍ። ቀድሞ እያንዳንዱ ፋብሪካ የራሱን ቅርጽ ያወጣ ስለነበር የአንዱ ለሌላው አይሆንም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2019 ስራም የተባለው ኩባንያ አንድ ወጥ ቅርጽ አውጥቶ ብዙ ፋብሪካዎች ስለተቀበሉት ዛሬ በጥቂት ዶላር በየትኛውም ሱቅ ይገኛል። ይህን የተቀበለ ቴላዮ መምረጥ ይሻላል። በተመሳሳይ የፔዳሉ ኩሽኔታ በጥርስ የሚጠበቅ ቢሆን ይመረጣል፤ በግፊት የሚገባው ሲያረጅ እንደ አሮጌ በር የሚንቋቋበት ጊዜ አለ። የኋላው አሞርዛተርም ልኩ የተለመደ፣ ከሌላ ፋብሪካ ሊተካ የሚችል ይሁን። የፍሬንና የማርሽ ገመዶች በመሪው አንገት ኩሽኔታ ውስጥ አልፈው የሚገቡበት አዲሱ ፋሽን ለዓይን ያምራል፤ ያን ኩሽኔታ ለመቀየር ግን የፍሬኑን ቱቦ መፍታት ሊያስፈልግ ነው። ለምን ይህን አሰቡ የሚለውን የሚመልሰው መካኒኩ አይደለም።

ሱቅ ውስጥ ሲሞከር ደግሞ ኮርቻ ተጭኖ መፈተሽ ለመርካቶውም ለዴንቨሩም አይሠራም። አሞርዛተሩ ለነጂው ክብደት ካልተሞላ ምርጡ ብስክሌት መጥፎ ይመስላል፤ መጥፎውም በአጋጣሚ ጥሩ ይመስላል። ሻጩ ፓምፕ አምጥቶ እንዲሞላ መጠየቅ መብት ነው። ነጂው ሙሉ ልብሱን ለብሶ ሲቀመጥበት የኋላው አሞርዛተር ከሙሉ ርቀቱ ከ25 እስከ 30 በመቶ መርገብ አለበት፤ አሞርዛተሩ ላይ ያለችው ትንሽ የጎማ ቀለበት ይህን ታሳያለች። የአሞርዛተሩ ምት 55 ሚሊሜትር ከሆነ ቀለበቷ 16 ሚሊሜትር ገደማ ላይ ትቆማለች ማለት ነው። ይህን ለማድረግ አምስት ደቂቃ የሚሰስት ሻጭ በኋላ የሚመጣውን ቅሬታም በዚያው ልክ ነው የሚያስተናግደው። ልኩም ከዚሁ ጋር ይታያል፤ መሪው ሩቅ የሆነበት አጭር ሰው ወይም ጉልበቱ መሪውን የሚነካበት ረጅም ሰው ቅናሹ ምንም ቢያምር ይተወው።

ወንድምየው ጋ እንመለስ። የእንጦጦ ፓርክ እ.ኤ.አ. በ2020 ሲከፈት ለብስክሌት የሚሆን መንገድም ይዞ ነበር፤ ተራራው ከባሕር ወለል በላይ 3,000 ሜትርን ያልፋል። በዚያ ከፍታ አየሩ ስስ ነውና ሽቅብ ላይ እያንዳንዱ ኪሎ ይሰማል፤ ቀለል ያለው ባለ120 ከ160ው እዚህ ይበልጥ ያዋጣል። በጋ አቧራው ጎሚኒውን፣ ክረምት ጭቃው ኩሽኔታውን ይበላል። ለአሞርዛተሩ በተለይ የተሠራ ጎሚኒ ከመኪና መለዋወጫ ሱቅ አይገኝም፤ የሚመስል ነገር ቆርጦ ማስገባት ደግሞ የታመቀ አየር ላለው ዕቃ አያዋጣም።

ስለዚህ የኦሮራው ሰው ብስክሌቱን በሳጥን ሲያሽግ አብሮ የሚገባው ዕቃ የግዢው አካል ሆኖ ከመጀመሪያው ሊታሰብ ይገባል፤ ለፊቱም ለኋላውም አንድ አንድ ሙሉ የጎሚኒ ስብስብ፣ ትክክለኛው ዘይት፣ የኋላው ክንድ ኩሽኔታ፣ ሁለት የማርሽ መቀየሪያ ማንጠልጠያ፣ የፍሬን ሸራና ፓምፑ። ከመሄዱ በፊት አንዱን የ50 ሰዓት ጥገና ራሱ ሠርቶ ቢለምድ ለወንድሙ ማሳየት ይችላል። ብስክሌቱ 14 ኪሎ ቢመዝን፣ አየር መንገዶች ለአንድ ሻንጣ ከሚፈቅዱት ከተለመደው 23 ኪሎ ውስጥ ሳጥኑ ተቀንሶ የሚተርፈው ክብደት ለእነዚሁ ይበቃል።